የድስቱ ምልክት

ያን ሌሊት ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ኖሮ ቶሎ ይወጣልኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የጎረቤታችን የአርባ ቀን ተዝካር ዋዜማ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ እሳቱ ሁለት ቦታ ነዷል፤ አንዱ ለክርስቲያኑ ወጥ፣ አንዱ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በራሳቸው እጅ ላረዱት ፍየል። መብራት ከሄደ ቆይቷል። የቅሬያችንን (የዕድራችንን) ዕቃ ቤት የያዙት እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ «እማ» የሚላቸው፣ ድስቶቹን ግድግዳ ሥር አሰልፈው አንድ በአንድ ያገላብጣሉ። የልጅ ልጃቸው በስልኳ መብራት ታበራላቸዋለች። «ጠጋ አርጊው ሆዴ» ይሏታል። ጠጋ ስታደርገው ድስቱ መብራቱን መልሶ ዓይናቸው ላይ ይረጨዋል። «ራቅ አርጊው» ይላሉ። ስታርቀው ይጨልማል። በጣታቸው ዳበሱት፤ ጣታቸውም ምንም አላገኘም።

የሚፈልጉት እኔ በገዛ እጄ፣ በገዛ ማሽኔ የቀረጽኩትን ምልክት ነበር። ግማሾቹ ድስቶች ላይ ግማሽ ጨረቃ፣ ግማሾቹ ላይ መስቀል። እማ ፊደል ስላልቆጠሩ በጽሑፍ ፋንታ በሥዕል ይሁን ተብሎ የተመረጠ ነው። ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም።

በመጨረሻ ድስቱን አስቀምጠው ቀና አሉ። «በጥርጣሬ ወጥ አይሠራም» አሉና ልጅቱን ወደ ቤት ላኳት፤ የራሳቸውን ድስት ይዛ መጣች። ክርስቲያኖቹም ሴቶች እንዲሁ ከየቤታቸው አስመጡ። አሥራ ስምንት የቅሬ ድስት ግድግዳ ሥር ተደርድሮ የሌሊቱ ሥራ በተውሶ ዕቃ ተሠራ። ማገዶ ታቅፌ ቆሜ ሲያዩኝ «አብሽር ልጄ፣ ድስት መች ጠፋ» አሉኝ። ይህቺ «አብሽር» ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ለወሎ ሰው ነገሩ ለምን እንደሚከብድ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። አንድ ድንኳን ውስጥ ለመብላት ለይቶ መሥራት በለመደ ሰፈር፣ ድስት ላይ ያለ ምልክት ጌጥ አይደለም። እኔ ግን እንደ ጌጥ ነበር የሠራሁት።

«ለዘላለም»

ድሮ ዕቃው በቀይ ቀለም ነበር የሚጻፍበት። ቀለሙ ሁለት ሦስት ለቅሶ ላይ ከዋለ በኋላ በአመድና በሽቦ ተፈግፍጎ ያልቃል። ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ደግሞ የቅሬው ዕቃ ቤት ባዶውን ስለቀረ የአሁኖቹ የአሉሚኒየም ድስቶች ከየቤቱ የተዋጡ ናቸው። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ፣ አንዱ የፋብሪካ፣ አንዱ ከቁርጥራጭ ቀልጦ የፈሰሰ። ቅርጻቸውን አይቶ ማን የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ስብሰባው ላይ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ደሴ ፒያሳ አጠገብ ማኅተም፣ የበር ስም፣ የቁልፍ መያዣ፣ የዋንጫ ጽሑፍ የምሠራባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ውስጧ 30 ዋት ፋይበር ሌዘር፣ ማለት ብረት ላይ በብርሃን ጨረር የሚቀርጽ ማሽን አለ። «ለዘላለም የማይጠፋ ምልክት እሠራላችኋለሁ፣ ያውም በነጻ» አልኩ። ለዘላለም ነው ያልኩት። ቃሉን አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ያጨበጨቡትንም።

አሥራ ስምንቱንም በአንድ ከሰዓት ጨረስኳቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ምልክቱ ነጣ ያለ ብርማ ሆኖ ወጣ። ድስቱን በመስኮቱ በኩል ወደሚገባው ብርሃን ዘንበል ሳደርገው ያምር ነበር፤ ዘንበል አድርጌ ፎቶ አነሳሁት፣ ለቅሬው ሰብሳቢም ላክሁላቸው። ድስት ግን በዘንበላ አይታይም። ድስት በቀጥታ፣ በጭስ ውስጥ፣ በሌሊት፣ በደከመ ዓይን ነው የሚታየው። ብርማ ነገር ላይ የተጻፈ ብርማ ጽሑፍ ደግሞ ጽሑፍ አይባልም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ የኔም ሥራ ጉድ በዚያች ሌሊት ጠራ።

ብረት ያስለመደኝ

በማግስቱ ሱቅ ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ፓወሩን መጨመር ነበር። ከ60 በመቶ ወደ 80፣ ከ80 ወደ 100። ምልክቱ ይበልጥ ነጣ። ስፒዱን ቀነስኩ፤ ይበልጥ ሻከረ፣ ግን ነጣ። ደጋግሜ አስኬድኩት፤ በረዶ የመሰለ ነጭ ሆነ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

ይህን ያደረግሁት ከብረት ጋር ስለኖርኩ ነው። የማይዝግ ብረት ላይ ጥቁር ማውጣት ቀላል ነው። ብረቱን ሳይቆርጡ ቀስ ብሎ ማሞቅ ብቻ ይበቃል፤ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያበቅላል፤ ሽፋኑ እንደ ውፍረቱ ወርቅማ፣ ሰማያዊ፣ ከዚያ ጥቁር ይሆናል። ቢላዋ ላይ፣ ማንኪያ ላይ፣ የሐኪም መቀስ ላይ የሠራሁት ሁሉ እንዲህ ነው። ስለዚህ በጭንቅላቴ ውስጥ «ጥቁር ማለት ማቃጠል ነው» የሚል ሕግ ተጽፎ ነበር።

አሉሚኒየም ለዚህ ሕግ አይታዘዝም። አንደኛ፣ የኔ ማሽን ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖሜትር ነው፤ በዓይን አይታይም፤ አሉሚኒየም ደግሞ ከዚህ ብርሃን ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ መልሶ ይወረውረዋል። ሁለተኛ፣ የገባችዋን ጥቂት ሙቀት አንድ ቦታ አያስቀምጣትም፤ ሙቀት በማስተላለፍ ከማይዝግ ብረት ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣል። ወጥ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የአሉሚኒየም ድስት ቶሎ የሚሞቀው ለዚህ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ተቃጥሎ ኦክሳይድ ቢሆን እንኳ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ጥቁር አይደለም። ስስ ከሆነ እንደ መስታወት ያሳልፋል፣ ዱቄት ከሆነ ነጭ ነው። አሉሚኒየሙ ራሱ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ኦክሳይዱ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። እኔ ፓወር በጨመርኩ ቁጥር የማደርገው ነገር ታዲያ ብረቱን ማቅለጥና እንደ አረፋ ማንጠባጠብ ነበር። አረፋ ደግሞ ምንጊዜም ነጭ ነው።

ይህን ሁሉ ያኔ አላውቀውም። ጥቂቱን አንብቤው ነበር፣ ግን ማንበብና ማወቅ ይለያያል። ሳምንት ያህል የተበላሸ የመስኮት ፍሬም ቁራጭ ላይ ስሞክር ቆይቼ ተውኩት። እማን መንገድ ላይ እንዳላገኛቸው በጀርባ በኩል መሄድ የጀመርኩትም ያን ሳምንት ነው።

ኩታበር፣ ቀትር ላይ

አጎቴ ኩታበር አካባቢ ይኖራል። ቅዳሜ ለሌላ ጉዳይ ሄድኩ፤ ጥየቃ ነው። ስደርስ ቀትር ሆኗል፤ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ለበዓል ከውጭም ከውስጥም ኖራ ተቀብቶ ነበርና እንደ ነጠላ ያበራል። እደጁ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አጎቴ ከእርሻ እስኪመለስ ስጠብቅ ዓይኔ በሩ ላይ አረፈ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ድቅድቅ ጥቁር ነው። ግድግዳው ላይ ከሰል የተቀባ አራት ማዕዘን ይመስላል። ማንም ሰው ሥዕል ሣል ቢባል ያንን በር በጥቁር ቀለም ነው የሚሞላው። እኔ ግን ያ ቤት ውስጡ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ውስጡም ኖራ ነው። ከውጭ ያለው ያው ነጭ ኖራ ነው፣ ውስጥም ያለው።

ተነሥቼ ገባሁ። ዓይኔ እስኪለምድ ትንሽ ቆየሁና ግድግዳው ነጣ። ወጣሁ፤ በሩ ጠቆረ። እንደገና ገባሁ። የአጎቴ ባለቤት ከጓዳ ሆነው «ምን ጠፋህ ልጄ?» አሉኝ። «ምንም» አልኩ። ምን ልበላቸው?

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በሩ ላይ ጥቁር ነገር የለም። ብርሃኑ በበሩ ይገባል፤ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል፤ በእያንዳንዱ ግጭት ጥቂት ይጎድልበታል፤ መልሶ በዚያች ጠባብ በር ወደኔ የሚወጣው እጅግ ትንሽ ነው። ጥቁረት ማለት ቀለም አይደለም፤ ሳይመለስ የቀረ ብርሃን ነው። አሉሚኒየሙን ማጥቆር ሳይሆን፣ ከአሉሚኒየሙ ቤት መሥራት ነበረብኝ። ጥቃቅን፣ ጥልቅ፣ አፋቸው ጠባብ የሆነ እልፍ ቤቶች።

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ በስልኬ አሰላሁት። አሉሚኒየም ከሚታየው ብርሃን ከመቶ ዘጠና ያህል ይመልሳል እንበል። አንዴ ተላትሞ ከወጣ ዘጠናው ይወጣል፣ ብሩህ ነው። አሥር ጊዜ ከተላተመ የሚተርፈው ሠላሳ አምስት ገደማ ነው። ሃያ ጊዜ ከተላተመ አሥራ ሁለት። ያው ብረት፣ ያው ብርሃን፤ ልዩነቱ ስንት ጊዜ ከግድግዳ ጋር እንደተጋጨ ብቻ። አጎቴ ሲመጣ ስለ እህሉ ያወራኝን አንዱንም አልሰማሁትም፤ ይቅርታ ያድርግልኝ።

መቶ አራት ማዕዘን

ሰኞ ዕለት አንድ የአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ አሥር በአሥር አድርጌ መቶ ትንንሽ አራት ማዕዘን ሠራሁ። ወደ ጎን ስፒዱ ይለዋወጣል፣ ወደ ታች ፍሪኩዌንሲው። ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ። ማንኛውም ሌዘር ያለው ሰው አዲስ ብረት ሲገጥመው ከሁሉ በፊት ይህን ቢያደርግ ስንት ቀን ይተርፈዋል።

ፍሪኩዌንሲ የሚባለውን ነገር ያኔ ነው በውል የተረዳሁት። ማሽኔ 30 ዋት ነው። ይህን ጉልበት በሰከንድ 30 ሺህ ምት ብከፋፍለው እያንዳንዱ ምት 1 ሚሊጁል ይይዛል። 80 ሺህ ምት ብከፋፍለው ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ሙቀጫ ላይ ዘነዘናውን ከፍ አድርጎ ረጋ ብሎ መምታትና ዝቅ አድርጎ ቶሎ ቶሎ መነካካት እንደማለት ነው። ብዙና ቀላል ምት አሉሚኒየሙን ያቀልጥና ያለሰልሰዋል። ጥቂትና ከባድ ምት ግን ብረቱን ከቦታው አስነሥቶ ጉድጓድ ይተዋል። እኔ የምፈልገው ጉድጓዱን ነው።

ከመቶው ውስጥ ከታች በግራ በኩል ያሉት ስድስት ሰባቱ ጠቁረው ነበር። ስፒዱ ዝቅተኛ፣ ፍሪኩዌንሲው ከ20 እስከ 30 ኪሎኸርዝ፣ መስመሮቹ እጅግ የተጠጋጉ። በደስታ ጣቴን አሳረፍኩበት። ጣቴ ጠቆረ፤ አራት ማዕዘኑ ነጣ።

ያ ጥቁር ከላይ የተኛ ዱቄት ነበር። ሌዘሩ ያስነሣው ብረት ወደ አየር ወጥቶ ደቅቆ መልሶ የተኛ። አላዋቂ ደንበኛን የሚያታልለው ይህ ነው፤ እኔም ዱቄቱን ሳልጠርግ ባስረክብ ኖሮ ለአንድ ቀን ያህል ጀግና እሆን ነበር። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ሙከራ በላርጎና በጥርስ ብሩሽ ሳላጥብ አልፈረድኩበትም። ታጥበው ጥቁር የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። በማጉያ መነጽር ሳያቸው ንብ ቀፎ ይመስላሉ።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የቀረው ይህ ነው። ፓወር 60 በመቶ፣ ስፒድ በሰከንድ 200 ሚሊ ሜትር፣ ፍሪኩዌንሲ 25 ኪሎኸርዝ፣ በመስመርና በመስመር መካከል 0.015 ሚሊ ሜትር፣ አንዴ በአግድም አንዴ በቁም። የሌላ ሰው ማሽን ላይ ይህ ቁጥር እንዳለ አይሠራም፤ ሌንሱም፣ የብረቱ ዓይነትም ይለውጠዋል። ከቁርጥራጭ ቀልጦ የፈሰሰው ድስት ለምሳሌ ከፋብሪካው ይልቅ ቶሎ ይጠቁራል። ውስጡ የሞተር ፒስተን ቀልጦበት ይሆናል፤ ፒስተን ደግሞ ሲሊከን ያለበት አሉሚኒየም ነው። መታወቅ ያለበት ሌላው ነገር፣ ባዶ አሉሚኒየም ላይ የሚወጣው ጥቁር የከሰል ጥቁር አይደለም። በደንብ የተቆላ ቡና ነው ብል ይሻላል። ግን በቀጥታ ሲያዩት ይታያል፣ በባትሪም ይታያል። የምፈልገው ይህን ነበር።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አሉሚኒየም መስታወት ነው፤ የሚመልሰው ጨረር አይታይም፤ ዓይን ግን ያጠፋል፣ ሕመም እንኳ ሳይሰማ። ለ1064 ናኖሜትር የተሠራ መነጽር ሳያደርጉ፣ ወይም «የፀሐይ መነጽር ይበቃል» ብለው የሚሠሩ ልጆች አይቻለሁ። አይበቃም። የሚነሣው ዱቄትም ሳንባ ይገባል፤ የአሉሚኒየም ብናኝ ተጠራቅሞ ደግሞ እሳት ይይዛል። መምጠጫ ይኑራችሁ፣ መምጠጫውንም አጽዱት። ሱቄ የሚሠራው ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ መነጽሩን ሳያደርግ ማሽኑን እንዳይነካ ያደረግሁትም ሳላፍር በቁጣ ነው።

ሐረጎን ወርጄ

ይህን ሁሉ ካገኘሁ በኋላ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ጓደኛዬ ሞፓ የሚባለው ዓይነት ፋይበር ሌዘር አለው። የኔ ማሽን የእያንዳንዱ ምት ርዝመት ከፋብሪካው የተወሰነ ነው፤ የሱ ግን ከ2 እስከ 500 ናኖሰከንድ እንደፈለገ ይለዋወጣል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሄድኩ።

ጓደኛዬ አኖዳይዝ በተደረገ አሉሚኒየም ላይ ጻፈልኝ። አኖዳይዝ ማለት በኤሌክትሪክና በአሲድ ታግዞ ላዩ ላይ ወፍራም ኦክሳይድ እንዲበቅል የተደረገ አሉሚኒየም ነው፤ ወፍራም ስል ከፀጉር እጅግ የሳሳ ነው፣ በተፈጥሮ ካለው ሲነጻጸር ነው እንጂ። አጭር ምት፣ ብዙ ፍሪኩዌንሲ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንደ ቀለም ጥቁር የሆነ ግማሽ ጨረቃ ወጣ። ጥፍሬን ባንሸራትትበት አይይዝም። ጨረሩ የላዩን ሽፋን ሳይሰብር ውስጡንና ሥሩን ነው የቀየረው፤ ጥቁረቱ ከመስታወት ጀርባ እንደተቀመጠ ሥዕል ነው። ቀናሁ። «ትንንሽ ሰሌዳ እሠራልሃለሁ፣ ድስቱ ጆሮ ላይ እሰረው» አለኝ።

ስመለስ ግማሹን መንገድ በደስታ መጣሁ። ደሴ ስደርስ ግን አመዱ ትዝ አለኝ። እኛ ሰፈር ድስት የሚታጠበው በአመድ ነው። አመድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ እጅ የሚያሟልጨው ውስጡ ያለው ፖታሽ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ነገር ደግሞ የአሉሚኒየምን ኦክሳይድ ይበላል። ያ ያማረ ጥቁር የተቀመጠው በትክክል አመዱ በሚበላው ሽፋን ውስጥ ነው። ለስልክ፣ ለብዕር፣ ለቢሮ በር ግሩም ነው። ለቅሬ ድስት አይሆንም።

የራሴንም ሥራ በዚሁ ዓይን አየሁት። እናቴ ጓሮ ቁጭ ብለው፣ ሙከራ የሠራሁበትን ቁራጭ በአመድና በሽቦ ድስት እንደሚያጥቡ አድርገው እንዲፈገፍጉልኝ ለመንኳቸው። «አጥፊው ነው የምትለኝ አትርፊው?» አሉ። «እንደወትሮው ያድርጉት» አልኳቸው። አሥር ጊዜ ያህል ካጠቡት በኋላ ቡናማው ጥቁር ወደ አመድማ ዞረ። ትንንሾቹ ቤቶች ጣሪያቸው ፈረሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ቤቶቹን ሽቦው ወደማይደርስበት ማውረድ ነበረብኝ። በመጀመሪያ ምልክቱን በጥልቀት መቆፈር፣ ከዚያ የጉድጓዱን ወለል ማጥቆር። ሽቦው በላይ በላይ ያልፋል፣ ወለሉን በቀላሉ አያገኘውም። ለቁፋሮው ፓወር 90፣ ስፒድ 500፣ 30 ኪሎኸርዝ፤ መስመሩ በየዙሩ አቅጣጫውን እየቀየረ፣ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ትንሽ በላይ እስኪወርድ። ለአንድ ድስት ከሃያ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። የመጀመሪያው ጊዜ አሥራ ስምንቱን በአንድ ከሰዓት ጨርሼ ነበር። አሁን መብራት እየሄደ እየመጣ ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ።

የድስቱ ጎን ክብ መሆኑ አሳስቦኝ ነበር። ግን 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ድስት ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ምልክት ብናሳርፍ፣ በመሀሉና በዳሩ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ፎከሱ ይህን ይችለዋል። ምልክቱን ከከንፈሩ ሥር፣ ከውጭ በኩል አደረግሁት። ውስጡን ግን በምንም አይነት አልነካሁትም፤ ምግብ የሚያርፍበትን ገጽ ማሻከር ልክ አይመስለኝም። አራቱ ድስቶች ስስ ስለሆኑ ለጥልቅ ቁፋሮ አልደፈርኳቸውም። የቅሬው ሰብሳቢ ዘንድ ሄጄ «እነዚህ አራቱ እንደሌሎቹ አይሆኑም፣ በየዓመቱ መታደስ አለባቸው» አልኳቸው። «ለዘላለም» የሚለውን ቃል በአፌ አላስገባሁም።

የእንጨቱ ጭስ

ሳስረክብ እማ ብዙ አላሉም። አንዱን ድስት አንሥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን ከከንፈሩ ሥር አስኬዱት። «መስቀል ናት» አሉ። ሌላውን አነሡ፤ ጣታቸው ጨረቃዋን ተከትሎ ዞረ። «ይቺ የኛ።» ከዚያ ወደ ዕቃ ቤቱ አስገቡና ቆለፉ። እኔ ለዓይን ብዬ የቆፈርኩት ለጣትም እንደሆነ እሳቸው ናቸው ያሳዩኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ለቅሶና አንድ ሰደቃ አለፈ። ባለፈው ሳምንት ሰደቃው እንዳበቃ ልረዳ ገብቼ ድስቶቹ ታጥበው ጓሮ ተደፍተው አየሁ። ጎናቸው በአመድ ተፈግፍጎ ያበራል። ምልክቶቹ ግን ካስረከብኩበት ቀን ይልቅ ጠቁረዋል። ተንበርክኬ ተመለከትኩ። ማገዶው ጥላሸቱን ጉድጓዱ ውስጥ ከቶታል፤ ሽቦው ከላዩ ጠርጎ የውስጡን ትቶታል። የቡናው ቀለም እንደ ከሰል ሆኗል። ጣቴን ባሸው እንኳ አልለቀቀም።

እማ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። «ምን ቀብተኸው ነው እንዲህ የጠቆረው?» አሉኝ።

«እኔ ምንም አልቀባሁም እማ። የእንጨታችሁ ጭስ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ፤ ከዚያ ግድግዳው ሥር ወደተቆለሉት ትሪዎች በአገጫቸው አመለከቱ። ሠላሳ ይሆናሉ። «ለነዚያስ ምን ታረግላቸዋለህ?»

ትሪ ስስ ነው፤ በጥልቀት አይቆፈርም። እሳት ላይ ስለማይወጣም ጭስ አያገኘውም። ከቁልሉ አናት አንዱን አንሥቼ በብብቴ ይዤ ወደ ሱቅ ሄድኩ።